ነበር ባይሰበር፦ በርሊን ላይ ያልወደቀው ቦምብ

«ነበር ባይሰበር» ይባላል። ያለፈን ነገር «እንዲህ ቢሆን ኖሮ» እያሉ ማውራት የሥራ ፈት ወሬ ይመስላል። አንዳንዱ «ቢሆን ኖሮ» ግን ለዛሬ ይጠቅማል።

እስቲ አንዱን እንየው። በአውሮፓ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጥቂት ወራት ቢራዘም ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር? ጀርመን እጅ የሰጠችው እ.ኤ.አ. በሜይ 1945 መጀመሪያ ነው። የመጀመሪያው አቶሚክ ቦምብ ኒው ሜክሲኮ በረሃ ላይ የተሞከረው ጁላይ 16 ነው። ልዩነቱ አሥር ሳምንት፣ በቃ! ከሙከራው ሦስት ሳምንት በኋላ ሂሮሺማ ጋየች። እስከ ዓመቱ መጨረሻ 140 ሺህ ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል።

«ነጭ ነጭ ላይ አይጥልም ነበር» የሚሉ አሉ። በ1943 በተደረገ ስብሰባ የጃፓን መርከቦች በዒላማነት መነሳታቸው እውነት ነው። ነገር ግን ሥራው የተጀመረው ሒትለር ይቀድመናል በሚል ፍርሃት ነው። የፕሮጀክቱ መሪ ጄኔራል ሌስሊ ግሮቭስ እንደጻፉት፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጦርነቱ ቦምቡ ከመድረሱ በፊት ካላለቀ ጀርመን ላይ ለመጣል ዝግጁ እንዲሆኑ ነግረዋቸው ነበር። ደግሞስ ሐምቡርግንና ድሬስደንን በተራ ቦምብ ያነደደ ጦር ለበርሊን ይራራል? በርሊንን ያተረፋት ርኅራኄ ሳይሆን የቀን መቁጠሪያ ነው።

ለእኔ ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። በ1944 መጨረሻ ጀርመን ቦምብ እንደሌላት እየታወቀ መጣ። የፖላንዱ ተወላጅ ሳይንቲስት ጆሴፍ ሮትብላት «እንግዲያው እኔ ምን አደርጋለሁ?» ብለው ሥራውን ጥለው ወጡ። በ1995 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተካፈሉ። ሌሎቹስ? ቀጠሉ። ምክንያቱ ሞተ፣ ሥራው ግን አልቆመም። ለአንዱ ጠላት የተሠራው መሣሪያ ሌላ ከተማ ላይ ወደቀ።

ዛሬም ከዩክሬን ጦርነት ጋር ተያይዞ የኒውክሌር ዛቻ ሲሰማ «ማስፈራሪያ ብቻ ነው» ብለን እናልፋለን። እንዲያ ብሎ ማለፍ ግን የቀን መቁጠሪያ ሁልጊዜ ያድነናል ብሎ መተኛት ነው። መሣሪያው አንዴ ከተሠራ ምክንያት አያጣም። ቅነሳውም ድርድሩም ዛሬ፣ ምክንያት ሳይገኝለት መሆን አለበት። ሳይቃጠል በቅጠል!