ሞተር ብስክሌት ከተሸጠ በኋላ፦ የፎገራ ሜዳ ለነጋዴው የሚሰጠው ትምህርት

ንግድ ማለት ዕቃን ከአንዱ እጅ ተቀብሎ ለሌላው ማስረከብ ብቻ እንዳልሆነ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። የተሸጠው ዕቃ ለገዢው የሚገባውን አገልግሎት ሳይሰጥ ከቀረ፣ ሻጩ የዛሬውን ትርፍ ቢያገኝም የነገውን ደንበኛ አጥቷል። ይህ እውነት በማናቸውም ሸቀጥ ላይ የሚሠራ ቢሆንም፣ መንገድ በሌለበት አገር በጭቃና በአቧራ ውስጥ እንዲሄድ በሚገዛው ሞተር ብስክሌት ላይ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ ይታያል። ለዚህም የፎገራን ሜዳ የመሰለ አስረጂ በቀላሉ አይገኝም።

ወረታ ከባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ጎንደር የሚወስደው አውራ ጎዳና ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ ከሚሄደው መንገድ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ የምትገኝ የንግድ ከተማ ናት። ደረቅ ወደብም ተቋቁሞባታል። ከከተማይቱ አንሥቶ እስከ ጣና ሐይቅ የተዘረጋው ሜዳ ከጉና ተራራ የሚወርዱት የጉማራና የርብ ወንዞች ያመጡት ደለል ያረፈበት ጥቁር ዋልካ መሬት ነው። በክረምት ውሃ ይተኛበታል። ወንዞቹ ከአፋቸው በወጡ ጊዜ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርሱ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ አሳይቷል። ሩዝ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ወደዚህ ሜዳ ከገባ ወዲህ ግን ያው ውሃ ሀብት ሆኖ፣ የፎገራ ስም ከታወቁት የፎገራ ከብቶች ጋር በሩዝም ሊጠራ በቅቷል።

እንግዲህ በእንዲህ ያለው አገር መኪና የማይደርስበትን ቀበሌ ከከተማው ጋር የሚያገናኘው ብዙ ጊዜ ሞተር ብስክሌት ነው። የሩዝ ነጋዴው ዋጋ ለመጠየቅና ምርት ለማየት ይሄድበታል። የጤና ባለሙያው ክትባት በበረዶ ሣጥን ይዞ ይጓዝበታል። የከብት ማዳቀል ባለሙያውም ከእርሱ የተለየ መድረሻ የለውም። ላም ኮርማ ፈልጋ የምትቆየው ከአንድ ቀን ላነሰ ጊዜ ነው፤ ባለሙያው በመንገድ ላይ ሞተሩ ቆሞበት በማግስቱ ቢደርስ ጊዜው አልፏል፤ ገበሬውም እስኪመለስ ድረስ ሦስት ሳምንት ያህል ይጠብቃል። ክትባቱም ቅዝቃዜው ካመለጠው ዋጋ አይኖረውም። ስለዚህ የአንዲት ትንሽ መለዋወጫ መታጣት የሚያስከትለው ኪሳራ በሞተሩ ባለቤት ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም።

በዚህ ሜዳ ሞተር ብስክሌት ከሥራ የሚወጣው ስላረጀ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚገድለው በጥቂት ብር ሊገኝ ይችል የነበረው ዕቃ በጊዜው አለመለወጡ ነው። የአየር ማጣሪያውን ለምሳሌ ማየት ይበቃል። ከጥር እስከ ግንቦት ዋልካው ደርቆ ይሰነጠቃል፤ የመንገዱም አፈር እንደ ዱቄት ይልማል። ማጣሪያው ከተቀደደ ወይም ከቦታው ከላላ ይህ አቧራ ወደ ሲሊንደር ገብቶ ፒስቶኑንና ቀለበቶቹን እንደ ሞረድ ይበላቸዋል። ማጣሪያው ከተደፈነም ሞተሩ አየር አጥቶ ቤንዚን በከንቱ ይፈጃል፤ ጉልበቱም ይደክማል። ከስፖንጅ የተሠራ ማጣሪያ በላምባ ወይም በሳሙና ውሃ ይታጠባል፤ በጥላ ከደረቀ በኋላ በዘይት ተነክሮና ተጨምቆ ወደ ቦታው ይመለሳል። በቤንዚን ማጠብ ግን ለእሳት አደጋ ከማጋለጡም በላይ የስፖንጁን ማጣበቂያ ይፈታል። የወረቀት ማጣሪያ ደግሞ አይታጠብም፤ ይለወጣል እንጂ። ይህን ሁሉ ለገዢው ለመንገር ሁለት ደቂቃ ይበቃል፤ ያልተነገረው ገዢ የሚከፍለው ግን የሲሊንደርና የፒስቶን ዋጋ ነው።

ክረምት ሲገባ ችግሩ መልኩን ይለውጣል። የፎገራ ጭቃ የሚጣበቅ ጭቃ ነው። ለአስፋልት ተብሎ በተሠራው ሞተር የፊት ጭቃ መከላከያው ከጎማው ጋር ስለሚቀራረብ፣ ዋልካው በመካከል ገብቶ መንኮራኩሩን አስሮ ያቆመዋል። ከመንገድ ውጭ ለመሄድ የተሠራው ሞተር ግን መከላከያውን ከፍ አድርጎ የሚይዘው፣ ጎማውም ጥርሳም የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና በተራድኦ ድርጅቶች ዘንድ ለብዙ ዘመን ከታወቁት ከያማሃ ሞተሮች አንዱ የሆነው ኤጂ ለእርሻ ሥራ የታሰበ በመሆኑ ካቴናው ጭራሹን በሽፋን ውስጥ ተከቶ ነው የተሠራው። ሠሪዎቹ ይህን ያደረጉት ለጌጥ አይደለም፤ ጭቃ የነካው ካቴና ራሱ አልቆ ጥርሱንም እንደሚጨርስ ስለሚያውቁ ነው። ሽፋን የሌለው ካቴና ከጭቃ መንገድ መልስ መጠረግና ዘይት መቀባት ይገባዋል። ልልነቱም የሠሪው መመሪያ በሚያዘው ልክ፣ በብዙዎቹ የገጠር ሞተሮች ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ድረስ፣ መሆን አለበት። ከልክ በላይ የተወጠረ ካቴና ኩሽኔታ ይሰብራል፤ የላላውም ወልቆ መንኮራኩሩን ሊይዝ ይችላል።

ከዚህም ጋር ውሃ የተሻገረ ሞተር የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሞተሩ ውሃ ውስጥ ቆሞ እንደሆነ ወዲያው ለማስነሣት መርገጥ ከባድ ጥፋት ነው፤ ውሃ እንደ አየር ስለማይታመቅ የፒስቶኑን ክንድ ሊያጎብጠው ይችላል። አስቀድሞ ካንዴላው ወልቆ ውሃው በቀዳዳው እንዲወጣ ይደረጋል፤ ከዚያም የካርቡራቶሩ ሳህን ይራገፋል፤ የአየር ማጣሪያው ይደርቃል። የሞተሩም ዘይት ይታያል፤ ወተት የገባበት ቡና መስሎ ከተገኘ ውሃ ተቀላቅሎበታልና ሳይውል ሳያድር መለወጥ አለበት። ከጉዞ በኋላም ሞተሩን ወንዝ ውስጥ አስገብቶ ማጠብ ጭቃውን ቢያስለቅቅም፣ ውሃ ወደ ኩሽኔታዎቹና ወደ ፍሬኑ ስለሚያስገባ ጉዳቱ ይበልጣል። በባልዲና በጨርቅ የታጠበው ሞተር ዕድሜው ይረዝማል።

በመንገድ ላይ እንቢ ያለ ሞተርም ያለ ሥርዓት ቢፈታታ ጥፋቱ ይብሳል። ሥርዓቱ ቀላል ነው፦ በመጀመሪያ ቤንዚን፣ ቀጥሎ እሳት፣ ከዚያ አየር። የቤንዚኑ ቧንቧ መከፈቱ ይታያል፤ የካርቡራቶሩም ማራገፊያ ብሎን ላላ ተደርጎ ቤንዚን መውረዱና ውሃ ወይም ቆሻሻ አለመቀላቀሉ ይመረመራል። ቤንዚን በፕላስቲክ ዕቃ ተገዝቶ በሚቀዳበት አገር ይህ ምርመራ ከሁሉ ይቀድማል። ቀጥሎ ካንዴላው ወልቆ ይታያል፤ ካንዴላ የሞተርን ጤና እንደሚነግር ምላስ ነውና። ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው። እንደ ጥላሸት የጠቆረና የደረቀ ከሆነ አየር አንሶታል፤ ማጣሪያው ይታይ። በዘይት የራሰ ከሆነ በአራት ምት ሞተር ዘንድ ቀለበቶቹ ወይም የቫልቮቹ ጎሚኒ ሳያልቁ አልቀሩም። ነጭ ሆኖ ከተቃጠለ አየሩ በዝቷል ወይም ሞተሩ ከልክ በላይ ግሏል። ይህን የሚያውቅ ነጂ ብዙውን ብልሽት ሜዳ ላይ ሳለ ይለያል፤ የማያውቀው ግን ሞተሩን በሰው ኃይል አስገፍቶ ወረታ ይገባል።

እስከዚህ የተባለው የመካኒክ ጉዳይ እንጂ የነጋዴ ጉዳይ አይደለም የሚል ሊኖር ይችላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ነጂው ማጣሪያውን መለወጥ እንዳለበት ቢያውቅም በሱቅ ካላገኘው ዕውቀቱ ምን ይረባዋል? ማጣሪያውን ወደ አገር የሚያስገባው አስመጪው ነው፤ በመደርደሪያ የሚያኖረው ባለሱቁ ነው። የፎገራ ሞተሮች ጤና እንግዲህ ከጋራዡ አስቀድሞ በንግድ ቤት ይወሰናል።

አስመጪው ሊያስብበት የሚገባው አንደኛ ነገር የዕቃው ምርጫ ነው። በከተማ አስፋልት የሚያምረው ሞተር በዋልካ ላይ የሚቆም ከሆነ፣ ለፎገራና ለመሰሉ ወረዳዎች የሚላከው ሌላ መሆን አለበት። ሁለተኛው የመለዋወጫው መጠን ነው። ከሞተሩ ጋር በአንድ ጭነት የአየር ማጣሪያ፣ ካንዴላ፣ ካቴናና ጥርስ፣ የፍሬን ሸራ፣ የፍሪሲዮን ሽቦ፣ የመንኮራኩር ኩሽኔታና የዘይት ጎሚኒ አብረው ካልመጡ፣ የተሸጠው ሞተር የተሸጠ ችግር ነው። ሦስተኛው ሞተሩ በአማርኛ የተጻፈ አጭር መመሪያ አብሮት እንዲሄድ ማድረግ ነው፤ ለዚህ የሚወጣው የማተሚያ ወጪ እጅግ ጥቂት ነው።

ይህ ጉዳይ ዛሬ ከቀድሞው ይበልጥ የሚከብድበት ምክንያት አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ ቀድሞ በ57 ብር ግድም ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። አዲስ ሞተር ብስክሌት መግዛት ለገበሬውም ለመሥሪያ ቤቱም የዚያን ያህል ከብዷል ማለት ነው። ገዢ አዲስ ለመግዛት አቅም ባጣ ጊዜ ያለውን ይጠግናል፤ ስለዚህ የመለዋወጫ ንግድ ለአስተዋይ ነጋዴ ከሞተር ሽያጭ ባላነሰ ሊያስብበት የሚገባ ሥራ ሆኗል። ለአገርም ቢሆን በአንድ ሞተር ዋጋ የሚገቡት ማጣሪያዎችና ካንዴላዎች ብዙ ሞተሮችን በሥራ ላይ ስለሚያቆዩ፣ ምንዛሪው ይበልጥ ፍሬ ያፈራል።

ባለሱቁ በበኩሉ የቀን መቁጠሪያውን መከተል ይገባዋል። የአቧራው ወራት ሳይገባ በታኅሣሥ ማጣሪያና ዘይት፣ ዝናሙ ሳይጥል በግንቦት ጥርሳም ጎማ፣ ካቴና፣ የፍሬን ሸራና ኩሽኔታ በመደርደሪያው ላይ መገኘት አለባቸው። በነሐሴ ወር መንገዱ ሲበላሽና ውሃ ቀበሌዎቹን ሲቆርጥ ከአዲስ አበባ ዕቃ ማስላክ መዘግየትንም ውድነትንም ያመጣል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በችኮላ የተገዛ መለዋወጫ ብዙ ጊዜ ልኩ ያልሆነ ወይም አስመስሎ የተሠራ ሆኖ ይገኛል።

አስመስሎ የተሠራውን ዕቃ በሚመለከት ሳይነገር መታለፍ የሌለበት ነገር አለ። ርካሽ ዕቃ መሸጥ ነውር አይደለም፤ የድኻ ገዢ ኪስ የሚችለው ርካሹን ሊሆን ይችላልና። ነውሩ ርካሹን በታወቀ ሠሪ ስም ሸፍኖ በውድ መሸጥ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዐይነት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ነገር ግን ሕጉ ባይኖርም እንኳ ሚዛኑ ያው ነው፦ በመንገድ መካከል የሚበጠስ ካቴና የነጂውን አጥንት ሊሰብር ይችላል። በወረታ ገበያም የሻጩ ስም ከዕቃው ጋር አብሮ ይሰበራል። ሁለቱን ዐይነት ለያይቶ አስቀምጦ፣ ይህ የሠሪው ነው፤ ይህ ደግሞ ሌላ ነው፤ ዋጋቸውም ይህን ያህል ይለያያል ብሎ እውነቱን የሚናገር ባለሱቅ ለጊዜው ጥቂት ሽያጭ ቢያጣም ደንበኛው ከዓመት ዓመት አይለየውም።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሁለት መቃወሚያዎች ሊቀርቡ ይችላሉ። አንደኛው መለዋወጫ በመደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ገንዘብ ያስራል የሚለው ነው። ይህ እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ግን አለማስቀመጥ ሳይሆን መምረጥ ነው። ቶሎ ቶሎ የሚያልቁት ዕቃዎች ጥቂትና የታወቁ በመሆናቸው፣ ባለሱቆች ተባብረው በአንድነት ቢያዝዙ ለእያንዳንዳቸው የሚደርሰው ሸክም ይቀላል። የወረታ ደረቅ ወደብም ለእንዲህ ያለው ኅብረት የሚያመች ነው። ሁለተኛው መቃወሚያ የቤንዚን ሞተር ዘመኑ እያለፈ ነው የሚል ነው። በእርግጥ መንግሥት በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ተሽከርካሪዎችን እያበረታታ ነው። ይሁን እንጂ የኤሌክትሪክ ሞተር ብስክሌትም ጎማ፣ ፍሬንና ኩሽኔታ አለው፤ ብዙ ጊዜም ካቴና አይጠፋውም። ዋልካው ደግሞ ለሁሉም አንድ ነው። እንዲያውም የገመዶቹ መጋጠሚያ ውሃ እንዳይገባው ተጨማሪ ጥበቃ ይሻል።

ከውጭ አገርም ትምህርት የሚሆን ምሳሌ አለ። ራይደርስ ፎር ሄልዝ የተባለው ድርጅት መሥራቾች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ ሶማሊያን በጎበኙ ጊዜ፣ ለጤና ሥራ የተሰጡ ሞተር ብስክሌቶች ጥገናና ጥቂት መለዋወጫ በማጣት ብቻ ወድቀው አዩ። ሞተሮቹ አዲስ ከመሆን ብዙም ያልራቁ ነበሩ። ከዚያ ተነሥተው ያቋቋሙት ሥራ ሞተር ማደል ሳይሆን፣ ሞተሩ ሳይበላሽ በፊት በተወሰነ ቀን መመርመርንና ነጂውን ማሠልጠንን መሠረት ያደረገ ሆነ። አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ለነጋዴው የቀረበው ሥራ ሩቅ ወይም ረቂቅ አይደለም። አስመጪው በሚቀጥለው ትእዛዙ ላይ ከሞተሩ ጎን የመለዋወጫውን ዝርዝር ይጻፍ። ባለሱቁ ክረምት ሳይገባ መደርደሪያውን ይመልከት። የንግድ ምክር ቤቶችም አስመጪዎችን፣ ባለሱቆችንና መካኒኮችን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አቀራርበው በየወረዳው የሚፈለገው ዕቃ ተለይቶ እንዲታወቅ ያድርጉ። ይህ ሲሆን የማዳቀል ባለሙያው በሰዓቱ ይደርሳል፤ ክትባቱ ሳይሞቅ ይገባል፤ የሩዙም ዋጋ ከገበሬው ደጃፍ ሳይዘገይ ይሰማል። ንግድም የሚከበረው ለሕዝብ እንዲህ ያለ ጥቅም በሰጠ መጠን ነው።