ዜግነት የመዝጊያ ቀን የለውም!

ስማ የቀሐ ልጅ! አንቺም እህቴ ስሚ! ከአዘዞ እስከ ደባርቅ፣ ከማራኪ እስከ ጃናሞራ ያላችሁ ወጣቶች ሁሉ ይህችን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቧት።

ምርጫ በመጣ ቁጥር የምንሰማት አሽሙር አለች። "ወጣቱ ፌስቡክ ላይ ይፎክራል እንጂ ካርድ አያወጣም፤ ካለፈ በኋላ መጥቶ መብቴ ይላል" ትላለች። ይህን የሚሉን ሰዎች የምዝገባ መዝጊያ ቀንን ከሲና ተራራ በጽላት ተቀርጾ የወረደ ያስመስሉታል። እስቲ እውነቱን እንየው።

የ6ኛው ጠቅላላ ምርጫ ድምፅ መስጫ ቀን መጀመሪያ ነሐሴ 23 ቀን 2012 ነበር። በኮሮና ተራዘመ። ከዚያ ግንቦት 28 ቀን 2013 ተባለ፤ እሱም ተገፍቶ ሰኔ 14 ሆነ። የመራጮች ምዝገባም ሚያዝያ 15 ያበቃል ከተባለ በኋላ እስከ ሚያዝያ 29 ተራዘመ። ለምን? ከታቀዱት 50 ሺህ ያህል ጣቢያዎች ብዙዎቹ በጊዜያቸው ስላልተከፈቱ ነው። ማራዘሙ ትክክል ነበር፤ ማንም አይቃወመውም። በመጨረሻ ከ37 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዘገበ። በመጀመሪያው ቀጠሮ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ በተጨመረው ጊዜ የገባው ሰው ሁሉ ዳር ቆሞ ተመልካች ይሆን ነበር።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይኼ ነው። ተቋም ሲዘገይ "የሎጂስቲክስ ችግር" ይባላል። ዜጋ ሲዘገይ "ቸልተኛ" ይባላል። ለተቋሙ ቀኑ ይገፋለታል፤ ለዜጋው በሩ ይዘጋበታል። ይህ ፍትሕ ነው እንዴ?

ደግሞስ "ዘገየ" የሚሉት ማንን ነው? መተማ ሰሊጥ ማሳ ላይ ለቀን ሥራ የወረደውን የዳባት ልጅ ነው። ሕጉ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር የኖረ ይመዝገብ ይላል። ልጁ እዚያ 6 ወር አልሞላውም፤ አገሩ ገብቶ እንዳይመዘገብ የቀን ገቢው ይቀርበታል። ከጭልጋ ተፈናቅሎ ጎንደር የገባውን ወገናችንንም ነው። ሕጉ ለተፈናቃይ ልዩ ጣቢያ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን መጠለያ ሳይገባ በዘመድ ጓዳ የተጠጋውን ማን ያስታውሰዋል?

ከሁሉ የሚያንገበግበው ግን የ18 ዓመቱ ጉዳይ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 ዕድሜው 18 የሞላ ዜጋ ይመርጣል ይላል። የምርጫ አዋጁ 1162/2011 ግን ዕድሜውን የሚቆጥረው በምዝገባው ዕለት ነው። ከሚያዝያ 29 እስከ ሰኔ 14 ድረስ 45 ቀን አለ። በእነዚህ 45 ቀናት ውስጥ 18 የሞላው ልጅ በድምፅ መስጫው ዕለት ሙሉ ሰው ነበር፤ ድምፅ ግን አልነበረውም። ቀጣዩ ምርጫ ከ5 ዓመት በኋላ ነው፤ ያኔ 23 ይሆነዋል! ይኼ ልጅ ምን አጠፋ? የተወለደበት ወር ነው ጥፋቱ?

"ቀድሞ የማይወስን ወጣት ሰነፍ ነው" ለሚሉንም መልስ አለን። በ2002 ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ወሰዱ። በ2007 ሁሉንም ጠቀለሉት። ድምፅህ ዋጋ የለውም ብሎ ታላቅ ወንድምህን ያስተማረው ያ ዘመን ነው። እንዲህ ተምሮ ያደገ ትውልድ ክርክሩን ሰምቶ፣ ነገሩ እውነት መሆኑን አይቶ በመጨረሻው ሰዓት ልቡ ቢነሳ ሊመሰገን ይገባዋል። እኛ ግን "ረፍዷል" ብለን እንመልሰዋለን።

"በሩ ክፍት ከሆነ ማጭበርበር ይበዛል" የሚል ክርክር አለ። ቀላል ነገር አይደለም፤ ሁለት ካርድ የሚያወጣ ሰው የሁላችንንም ድምፅ ይሰርቃል። ግን መፍትሔው እጃችን ላይ ነው። ጣት ላይ የሚቀባው የማይለቅ ቀለም ለምን ሆነና? የፋይዳ ቁጥርስ ያለው አንድ ሰው አንድ መሆኑን ለማረጋገጥ አይደለም እንዴ? ዘግይቶ የመጣው ሰው ድምፅ በታሸገ ፖስታ ለብቻው ይቀመጥ፤ ማንነቱ ሲጣራ ይቆጠር። "ወረቀቱ የሚታተመው በተመዝጋቢ ልክ ነው" ለሚለውም፣ በየምርጫ ክልሉ ለዘገዩ ሰዎች አንድ ጣቢያ ከመጠባበቂያ ወረቀት ጋር ማዘጋጀት ሰማይ መቧጠጥ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሚኒሶታ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በድምፅ መስጫው ዕለት ይመዘግባል። ካናዳም ትመዘግባለች። አገራቸው አልፈረሰም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ግልጽ ነው፦

1. ምዝገባ ምርጫ ሲደርስ ብቻ የሚከፈት ሱቅ አይሁን፤ ዓመቱን ሙሉ የሚታደስ ቋሚ መዝገብ ይኑር።
2. እስከ ድምፅ መስጫው ዕለት 18 የሚሞላው ሁሉ አስቀድሞ ይመዝገብ።
3. ለቀን ሠራተኛውና በዘመድ ቤት ላለው ተፈናቃይ ባለበት ቦታ የሚመዘገብበት መንገድ ይበጅ።
4. ዘግይቶ የመጣ ሰው ድምፁ ተጣርቶ ይቆጠር እንጂ ከደጅ አይመለስ።

አሁን ወዳንተ ልምጣ ወንድሜ። ይህን ሁሉ ያልኩት እንድትተኛ አይደለም! ሕጉ እስኪስተካከል ድረስ የተዘጋ በር የተዘጋ በር ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን። ምዝገባ በተከፈተ በመጀመሪያው ቀን ሂድ። ብቻህን አትሂድ፤ የሰፈርህን ልጅ፣ እናትህን፣ ጎረቤትህን አስከትል። መታወቂያህ ካለፈበት ዛሬውኑ አሳድስ። ሰሊጥ ማሳ ላይ ያለው ጓደኛህ ጋር ደውል፤ ቀኑን ንገረው። ጣቢያው ተዘግቶ ካገኘኸው ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈህ ያዝ፤ አቤቱታ በማስረጃ ነው የሚያሸንፈው።

በሩ እንዲሰፋ እንታገላለን፤ እስከዚያው በጠባቡም ቢሆን ተጋፍተን እንገባለን። ለአንድ ሰው ሼር አድርግ፤ ያ ሰው ነገ 18 የሚሞላው ታናሽህ ይሁን!