ካላንጠባጠበ አትንካው

በስዊድኗ ጎተንበርግ የበረዶው ወራት አልፎ ሚያዝያ ሲገባ፣ ግማሽ ዓመት ሙሉ በድጋፍ ቆመው የከረሙት ጀልባዎች አንድ በአንድ በክሬን ተንጠልጥለው ወደ ባሕር ይወርዳሉ። ያን ሰሞን ወደቡ ላይ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣ አንድ ጥያቄና መልስ አለ። «የዘንጉ ጎሚኒ እንዴት ነው?» ይላል አንዱ። «ኧረ ጠብ አይልም!» ይላል ሌላው። ወሬው እዚያው ያልቃል፤ የጠየቀውም የመለሰውም ልቡ አርፎ ቀለም መቀባቱን ይቀጥላል። እኔ ጠቤ ከዚህ መልስ ጋር ነው።

ነገሩን ለማያውቀው ላስረዳ። ባለሸራ ጀልባን ነፋስ ቢነዳትም፣ ወደብ ለመግባትና ነፋስ ሲተኛ ለመንቀሳቀስ ሆዷ ውስጥ ትንሽ የናፍጣ ሞተር አላት። ከሞተሩ የሚነሳው ዘንግ በቱቦ ውስጥ አልፎ፣ የጀልባዋን ገላ በስቶ፣ ውጭ ያለውን ፕሮፔለር ያዞራል። ከባሕሩ ወለል ግማሽ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ሆን ተብሎ የተበሳ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ዘንጉ እየዞረ ውኃው እንዳይገባ የሚያደርገው፣ ጎሚኒ የምንለው፣ ከቡጢ ብዙ የማይበልጥ ጥቁር ጎማ ነው። መካኒኮቻችን ፓራኦሊዮ ለሚሉት የሥጋ ዘመድ ነው፤ በውስጡ ዘንጉን ከብበው የሚይዙ ቀጫጭን ከንፈሮች አሉት። የመኪናው ሲያረጅ ጋራዡ ወለል ላይ ዘይት ጠብ አድርጎ ያሳጣሃል። ከጀልባው ጎማ ማዶ ያለው ግን ባሕር ነው።

ድሮ በዚህ ጎማ ቦታ የሚገጠመው ፓኪንግ ነበር፤ ሞራ የጠጣ የተጎነጎነ ገመድ ዘንጉ ላይ ተጠምጥሞ በትልቅ ዳዶ ይጠብቃል። ዘንጉ ሲዞር በደቂቃ ጥቂት ጠብታ እንዲለቅ ሆን ተብሎ ላላ ይደረጋል፤ ገመዱንም ዘንጉንም የሚያቀዘቅዘው ያ ጠብታ ነው። ጠብታው በዛ? ዳዶውን አጥብቅ። ጠብታው ጠፋ? አላላ፤ አለዚያ ይቃጠላል። ባለቤቱ ወደደም ጠላም በየጉዞው ጎንበስ ብሎ ያይ ነበር። ጣና ላይ የደንገል ታንኳ የቀዘፈ ሰው ይህን ዓይነቱን የዕቃ ንግግር ያውቀዋል፤ ታንኳው ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ባለቤቱም ዳር አውጥቶ ለፀሐይ ያቆመዋል። ታንኳ ዕድሜውን አይደብቅም።

ጎማው መጣና ጠብታውን አስቀረ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አላቃልለውም። የጀልባዋ ሆድ ደረቅ ሆነ፣ ሽታው ቀነሰ፣ ዳዶ ማጥበቅ ማላላቱም ቀረ። ግን ከጠብታው ጋር ጎንበስ ማለቱም አብሮ ቀረ። «አያንጠባጥብም» የሚለው የዕቃ ጠባይ፣ በሻጭ አፍና በወደብ ወሬ ሲዞር ቆይቶ «ጥገና አይፈልግም» ሆኖ አረፈ። ሁለቱ ምንና ምን ናቸው? አንዱ ጎማው ዛሬ ምን እንደሚሠራ ይናገራል፤ ሌላው አንተ ለዘላለም ምን እንዳትሠራ ይፈቅድልሃል።

በሰሜን አውሮፓ ጀልባዎች ላይ በብዛት የሚታየው የጎማ ዓይነት የቮልቮ ፔንታ ነው፤ የኩባንያው አገርም ይኸው ጎተንበርግ ነው። መመሪያው አጭር ነው። ጀልባዋ ውኃ ውስጥ እንደገባች ጎማውን በእጅህ ጨምቀህ የታፈነውን አየር አስወጣ። ውኃ የማያጥበው ግራሶ አንድ ሲሲ ያህል ከንፈሮቹ መካከል አስገባ፤ ይህንንም በየ200 ሰዓቱ ወይም በዓመት አንዴ አድርግ። በየ500 ሰዓቱ ወይም በየ5 ዓመቱ ጎማውን በአዲስ ለውጥ። ይኸው ነው።

የጀልባ ሰው ግን «ወይም» የምትለዋን ቃል ምሳ ቤት «ጥብስ ወይም ሽሮ» እንደሚባለው አነበባት። ያሻውን መረጠ፤ የመረጠውም ሰዓቱን ነው። የቃሏ ትርጉም «ቀድሞ የደረሰው» ነው። እኛ ጀልባ ላይ ሞተሩ የሚሠራው በዓመት 40 ሰዓት ያህል ነው፤ ወደብ መውጫና መግቢያ ላይ ብቻ። በሰዓቱ ብንሄድ ጎማው 12 ዓመት ተኩል ሊቀመጥ ነው። በዓመቱ ብንሄድ 200 ሰዓት ብቻ ሠርቶ ይወጣል። ባለሸራ ጀልባ ያለው ሰው ይህን ሲሰማ «ገና ልጅ እኮ ነው!» ይላል፤ ሰዓት ቆጣሪውንም እንደ ልደት ካርድ ያሳይሃል። ቆጣሪው የሚቆጥረው ግን ዘንጉ የዞረበትን እንጂ ጎማው ያረጀበትን አይደለም።

እንዲያውም በእኔ ግምት ባለሸራ ጀልባ ለጎማው የከፋች ጌታ ናት። በየቀኑ የሚወጣ የዓሣ ጀልባ ዘንጉ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ ከንፈሮቹ ይንቀሳቀሳሉ፤ ሰውም ሞተሩ አጠገብ አይጠፋም። የእኛዎቹ ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ደረቅ ምድር ላይ ናቸው። ከንፈሩ ግማሽ ዓመት አንዲቷን የዘንግ ቦታ ይዞ ይከርማል፤ አጠገቡ የደረቀው ጨው ይጋገራል፤ የሞተሩ ክፍል ናፍጣና ዘይት ይተነፍስበታል። ጎማ ደግሞ ሥራ ፈትቶ አይታደስም፤ ይደርቃል፣ ይጠነክራል፣ ቅርጹን ይይዛል። ከዚያ በጸደይ ቀን ቁልፍ ዞሮ ዘንጉ በአንዴ ይነሳበታል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የአየሩ ነገር ነው፤ ግማሽ ደቂቃ እንኳ የማይፈጅ ሥራ ስለሆነ። ጀልባዋ ከክሬኑ ወርዳ ውኃ ስትገባ ቱቦው ውስጥ የነበረው አየር መውጫ ያጣና ጫፉ ላይ፣ ልክ ጎማው ዘንድ፣ ይታፈናል። ከንፈሩን ማራስ የነበረበት ውኃ አየሩን አልፎ አይደርስም። ሞተሩ ተነሥቶ ማርሽ ሲገባ ዘንጉ በደቂቃ ሺህ ጊዜ ያህል በደረቅ ጎማ ውስጥ ይዞራል፤ ከንፈሩም ይቃጠላል። የዚያን ዕለት አንዳች ነገር ላታይ ትችላለህ። ማፍሰስ የሚጀምረው ሐምሌ ላይ ነው፤ ያኔ «ጎማው ሳይቆይ ተበላሸ» ተብሎ ሠሪው ይረገማል።

ሥራው ይህን ይመስላል። ጀልባዋ ውኃ ውስጥ ገብታ ገና ከክሬኑ ማንገቻ ሳትፈታ ትገባለህ፤ የክሬኑ ሠራተኛ ሰዓቱን እያየ ነው። ደረጃውን አንሥተህ በሆድህ ትተኛለህ። ክንድህን ከማርሽ ሳጥኑ በታች እስከ ትከሻህ ታስገባለህ፤ ብብትህ ቀዝቃዛ ብረት ላይ ነው፤ ዓይንህ ምንም አያይም። ጣቶችህ ጎማውን ያገኙታል፤ በአውራ ጣትህና በሌባ ጣትህ ግራና ቀኝ ትጨምቀዋለህ። መጀመሪያ ትንሽ ፉጨት አለች፤ ከዚያ እንደሚንተከተክ ድስት ትክ ትክ ይላል፤ ከዚያ የባሕሩ ውኃ አንጓህ ላይ ይፈስሳል። በሚያዝያ የዚህ አገር ባሕር እንዴት እንደሚቀዘቅዝ አልነግርህም። ትለቀዋለህ፣ ጎማው ይዘጋል፣ ትወጣለህ። ይህን ማድረጌን አይቶ አንዱ «ደህናውን ነገር ለምን ታፈሳለህ?» ብሎኛል።

ጀልባዋን ስንገዛ ሻጩ «ይህን ጎማ ነክቼው አላውቅም» ያለን በኩራት ነበር። እኛም እንደ ምስጋና ሰማነው። መቼ እንደተገጠመ የተጻፈ ነገር አልነበረም። በባትሪ መብራትና በትንሽ መስታወት ሥሩን ባየን ጊዜ፣ ጎማውን ቱቦው ላይ ያሰረው ፋሸታ ከላይ እንደ አዲስ ያብረቀርቃል፤ ከሥር ብሎኑ ያለበት ወገን ግን ዝጎ ፈራርሷል። ጎማው ራሱ በጥፍር ሲጫኑት እንጨት ነው። ጠብታ ግን አልነበረም! አንዲትም! በወደቡ መለኪያ ሙሉ ጤነኛ ነበር።

ለተቃዋሚዎቼ ፍትሐዊ ልሁን፤ ሰው የሚዘገየው ከስንፍና ብቻ አይደለም። ጎማው የሚገባው በዘንጉ ጫፍ ስለሆነ፣ ለመለወጥ ጀልባዋ ከውኃ መውጣት፣ ዘንጉን ከማርሽ ሳጥኑ የሚያገናኘው ብረትም መውለቅ አለበት። ያ ብረት ደግሞ ከዘንጉ ጋር በዝገት ተጋብቶ የኖረ ነው። መዶሻ፣ እሳት፣ ስድብ፤ አንዳንዴም ጎማ ልትለውጥ ገብተህ ዘንግ ትገዛለህ። «የማያፈሰውን ነገር ብነካው እኔው አበላሸዋለሁ» የሚለው ፍርሃት መሠረት አለው። ይህን ችግር አስቀድመው ያሰቡ ሠሪዎችም አሉ፤ መለዋወጫውን ጎሚኒ ዘንጉ ላይ አስቀድመው አስገብተው በመያዣ ያስቀምጡታል፤ ሲያስፈልግ ዘንጉ ሳይወልቅ ይገፋል። ትችቴ የሚያርፈው ጎማ ለመለወጥ ዘንግ መፍታት ግድ ይሁን ብለው ጀልባውን የነደፉትም ላይ ነው። ግን ለውጡ ከባድ መሆኑ ግራሶውን፣ አየሩንና ፋሸታውን ለመተው ምን ምክንያት ይሆናል? እነዚያ ከአንድ ቡና አይበልጡም።

«አስር ዓመት ነዳሁበት፣ ምንም አልሆነም» የሚልም አለ። እውነቱን ነው። የከንፈር ጎማ ብዙ ጊዜ በአንዴ አይፈነዳም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚለቀው፤ በዚህ ማንንም አላስፈራራም። ግን በሰከንድ አንዲት ጠብታ በቀን ከ4 ሊትር በላይ ትሆናለች። ባለቤቱ ቤቱ ነው፤ ፖምፓው በየጊዜው ተነሥቶ ያወጣዋል፤ ፖምፓውን ባትሪ ያነሣዋል፤ ባትሪውን የሚሞላ ሰው የለም። ጎማው ሳይሆን የዛገው ፋሸታ ከለቀቀ ደግሞ ሒሳቡ ሌላ ነው። ግማሽ ሜትር ጥልቀት ላይ ያለ 25 ሚሊሜትር ክፍት ቀዳዳ በደቂቃ 50 ሊትር ያህል ያስገባል፤ የተለመደው አነስተኛ ፖምፓ በጥሩ ቀኑ እንኳ ከ30 ሊትር ብዙ አያወጣም። ዘንጉ ቀዳዳውን ስለሚያጠብበው የሚገባው ከዚህ ሊያንስ ይችላል። በዚያ ላይ ተስፋ መጣል ግን የማንም ዕቅድ መሆን የለበትም።

በዚህ ነገር የምከራከረው ከስዊድኖቹ ጋር ብቻ አይደለም። ዕድሜያቸውን በመርከብ ሞተር ክፍል የፈጁ፣ አሁን እዚሁ ጡረታ የወጡ አንድ ሐበሻ አሉ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። እሳቸው ጎማውን ጭራሽ አይወዱትም። «ጋሼ፣ ታዲያ ምን ይሻላል?» ብላቸው፣ «ፓኪንግ ነዋ ልጄ! የሚያንጠባጥብ ነገር ይነግርሃል» አሉኝ።

የሚሉት ይገባኛል፤ ግን አልስማማም። ያንኑ ፓኪንግ ስንቱ ሰው ጠብታውን አልወድም ብሎ አጥብቆ፣ አጥብቆ፣ ዘንጉን በገመድ እንደ ሞረደው እሳቸውም ያውቃሉ። ሰው መልእክተኛውን ዝም ማሰኘት የጀመረው ጎማ ሲመጣ አይደለም። ይህን ስላቸው ጋሼ ሳቅ አሉና «እሱስ ልክ ነህ፤ ዳዶውን በቧንቧ እጀታ የሚያጠብቅ አይቻለሁ» አሉ። ጎማው ጥሩ ዕቃ ነው። የጎደለው ጠብታው ሲቀር በቦታው ቀን መቁጠሪያ የሚተካ ሰው ነው። ያገለገለ ጀልባ የሚገዛም «ያፈሳል ወይ?» ከማለቱ በፊት «በስንት ዓመተ ምሕረት ተገጠመ?» ቢል፣ ሻጮችም መልስ ይዘው መጠበቅ ይጀምሩ ነበር።

በ2025 ጸደይ አዲሱን ገጠምን። ከንፈሩ በዘንጉ ጠርዝ እንዳይቀደድ አብሮት የሚመጣውን የፕላስቲክ እጀ ጠባብ ዘንጉ ላይ አልብሰን አሳለፍነው፤ አሮጌው ከንፈር ዘንጉ ላይ በጥፍር የሚሰማ ቀጭን ቦይ ቆፍሮ ስለነበር አዲሱን ከዚያ ትንሽ ፈቀቅ አደረግነው። ፋሸታውን የብሎኑ ራስ ወደ ላይ፣ ወደሚታይበት፣ አዞርነው። ከዚያ የሞተሩ ክዳን ውስጥ በማይለቅ ቀለም 2025 ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩ 2030። ጎረቤቴ አንገቱን አስግጎ አነበበና «ያን ጊዜ ጀልባዋ ያንተ መሆኗን በምን አወቅህ?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩት፤ ቀለሙ እስኪደርቅ ክዳኑን ክፍት ተውኩት።