ተመስገን ካልን በኋላ

በባሕር ዳር ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አስቀድሶ የሚወጣ ምእመን፣ በደጀ ሰላሙ ከወዳጁ ጋር ተገናኝቶ «እንዴት ሰነበትህ?» ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ፣ ከሁሉ አስቀድሞ «እግዚአብሔር ይመስገን» ሳይል አያልፍም፤ ነገር ግን ይህ ምስጋና ከአፉ ወጥቶ ሳያበቃ፣ የጤፉን ዋጋ፣ የቤቱን ኪራይ፣ የመብራቱን መጥፋት፣ የባልንጀራውን ስስትና የልጁን ስንፍና አንድ በአንድ እየዘረዘረ፣ ሁለቱ እስኪለያዩ ድረስ ሲያማርር ይሰማል። ምስጋናው ሰላምታ ብቻ ሆኖ ቀርቶ፣ ከልብ የሚወጣው ጸሎት ምሬቱ የሆነ ይመስላል። በዓመት ከ180 ቀን የሚበልጥ ጾም የሚጾም ሕዝብ፣ ለሥጋና ለወተት የሚያከብረውን ሕግ በአንደበቱ ላይ ማጽናት እንዴት ተሳነው? ይህን መጠየቄ ጿሚውን ለመዝለፍ አይደለም፤ ጾሙ እውነተኛ መሆኑን ስለማምን ነው።

ማጉረምረም በቅዱሳት መጻሕፍት ዘንድ እንደ ቀላል ነገር አልተቈጠረም። እስራኤል ከግብፅ ወጥተው በምድረ በዳ በተጓዙ ጊዜ፣ ከሰማይ የወረደላቸውን መና እየተመገቡ የግብፅን ዓሣ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እያነሡ አለቀሱ፤ በዚያ ልቅሶ ውስጥ ግን ጭቃ ያስረገጣቸው፣ ጡብ እየቈጠረ ጀርባቸውን የገረፈው የፈርዖን ሹም አንድ ጊዜ እንኳ ስሙ አልተነሣም። ለእኔ የአጉረምራሚ ሰው ትልቁ ነውር፣ ያለፈውን ባርነቱን እያሳመረ ዛሬ የተሰጠውን ማቃለሉ ነው፤ መራቡንማ ቢናገር ማን ይፈርድበታል? ሐዋርያው ጳውሎስም የፊልጵስዩስን ምእመናን ሁሉን ያለ ማጉረምረም እንዲያደርጉ በመከራቸው ጊዜ በእስራት ላይ ነበርና፣ ለሌላው ያዘዘውን መድኃኒት ራሱ አስቀድሞ እየጠጣው ነበር።

ለዚህ ነገር ከአገራችን ምሳሌ የሚሻ ሰው፣ ከባሕር ዳር በጀልባ ተሳፍሮ በጣና ሐይቅ ላይ ወደ ዘጌ ገዳማት ቢሻገር ይበቃዋል። ገዳማውያኑ እንደሚተርኩት፣ አቡነ በትረ ማርያም ወደዚያ በመጡ ጊዜ ምድሩ በሞፈርና በቀንበር እንዳይታረስ፣ ከብትም እንዳይረባበት ሥርዓት ሠርተው፣ በምትኩ ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚው ለሕዝቡ ሲሳይ እንዲሆን ከፈጣሪያቸው ቃል ኪዳን ተቀበሉ። የተአምሩን ነገር ለየአንዳንዱ እምነት እንተወውና፣ ሥርዓቱ ግን በዐይን የሚታይ ፍሬ አፍርቷል፤ በሐይቁ ዙሪያ ያለው አገር እየተመነጠረ እርሻ ሲሆን፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም እስከ ዛሬ ድረስ በደን ጥላ ውስጥ ተሸሽገው ይኖራሉ። የዘጌ ሰው፣ ጎረቤቱ በሬ ጠምዶ በቀላሉ የሚያገኘውን እህል በቡናውና በጌሾው ዋጋ ከሌላ ምድር እየገዛ፣ ለራሱ የከለከለውን ነገር ልጁም እንዲከለክል እያስተማረ፣ ትውልድ ከትውልድ ጸንቶ ኖሯል። ሃይማኖትና ምግባር ሳይለያዩ አብረው ሲኖሩ መልካቸው ምን እንደሚመስል ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ስብከት እኔ አላገኘሁም።

ነገር ግን መልካሙን ያወሳ ሰው የቀረውን መደበቅ አይገባውም። ታሪክ ጸሐፊው አብዱሰመድ አሕመድ እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 1935 ስለ ነበረው ዘጌ ባሳተሙት ጥናት እንዳስረዱት፣ በዚያ በተባረከ ደን ውስጥ ቡና ተካዮች ባሮችን ያሠሩ ነበር፤ ከባለ ቡናዎቹም መካከል ካህናት ነበሩ። በሬ የማይጠመድበት ምድር ሰው ተጠምዶበት ነበር ማለት ነው። ባርነት በአገራችን በዐዋጅ እስከ ተሻረበት እስከ ነሐሴ 1934 ዓ.ም. ድረስ፣ እንደነዚያ ያሉ ሰዎች ሸክማቸውን በዝምታ መሸከማቸው ትዕግሥት ተብሎ ሊጻፍላቸው፣ ይልቁንም ለጌቶቻቸው በጎነት ምስክር ሆኖ ሊጠቀስ ከቶ አይቻልም፤ ቃል ኪዳኑን የገቡት እነርሱ አልነበሩምና።

እንግዲህ ያለ ማጉረምረም መኖር ሰው በገዛ ራሱ ላይ የሚያውጀው ሕግ ነው፤ በሌላው ላይ ባወጀው ጊዜ ግን ግፍ ይሆናል። ዛሬም ከቅዳሴ መልስ፣ ደመወዟ ለወራት የዘገየባትን የቤት ሠራተኛ «ታገሺ እንጂ፣ ክርስቲያን አይደለሽም ወይ?» የምትል እመቤት አለች። ክልላችን በጦርነት በታወከባቸው በእነዚህ ዓመታትም፣ ልጇን ቀብራ ፍራሽ ላይ የተቀመጠችውን እናት «የፈጣሪ ፈቃድ ነው፣ አታማሪ» ብሎ፣ ንፍሮውን ቀምሶ፣ የጽድቅ ሥራ የሠራ መስሎት የሚወጣ ሰው አይታጣም። ጻድቁ ኢዮብ ግን የተወለደባትን ቀን ረግሟል፤ በመጨረሻም እግዚአብሔር የተቈጣው በእርሱ ላይ ሳይሆን፣ ሲያለቅስ ሊያርሙት በተቀመጡት ወዳጆቹ ላይ ነው። የኤርምያስ ሰቆቃም ከቅዱሳት መጻሕፍት እንደ አንዱ ተቈጥሮ ይኖራል። ኀዘኑን ወደ አምላኩ፣ በደሉንም ወደ ዳኛው ይዞ የሚሄድ ሰው አጉረምራሚ አይባልም፤ አጉረምራሚስ ወደ ማንም ሳይሄድ ባለበት ተቀምጦ የሚናገር ነው።

ይህ ልዩነት በጣና ላይ ከእምቦጭ አረም ጋር በተደረገው ትግል በግልጥ ታይቷል። አረሙ በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ ላይ ከታየ በኋላ የሰሜኑንና የምሥራቁን ዳርቻ እያለበሰ በሄደ ጊዜ፣ የደምቢያና የፎገራ ገበሬዎች ከእርሻቸው ሥራ ቀን እየቀነሱ፣ እስከ ወገባቸው ከውሃ ገብተው በእጃቸው ነቅለው በትከሻቸው ወደ ዳር አወጡት። የነቀሉት ተመልሶ ሲያቈጠቍጥ እያዩ ደግመው ገቡ። መሣሪያ እንዲመጣላቸው መንግሥትን መጠየቃቸውን አልተዉም፤ እስኪመጣ ድረስም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በዚያው ወራት ባሕር ዳር በሐይቁ ዳር ባሉት መዝናኛዎች፣ ከጥላው ሥር ተቀምጠው «ጣናማ አለቀለት» እያሉ ሁለተኛ ቡና የሚያዙ ሰዎች ቍጥራቸው ጥቂት አልነበረም።