ውጤት ስናይ ገጹ ወዴት ይመራናል?

የ12ኛ ክፍል ውጤት በሚለቀቅበት ቀን በአዳማም፣ በመቂም፣ በባቱም ቤተሰቡ አንድ ስልክ ከብቦ ይቀመጣል። ብዙ ሰው በአንዴ የሚጎርፍበት ድረ ገጽ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ኮምፒውተር ብቻ አይሠራም፤ ከፊቱ «ሎድ ባላንሰር» የሚባል አከፋፋይ ይቆማል። ሥራው እንደ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነው፤ መጪውን ከኋላ ላሉት ኮምፒውተሮች ይደለድላል።

አንዳንዴ ከኋላ ያለው ኮምፒውተር «እዚህ አይደለም፤ ወደዚያ አድራሻ ሂዱ» ብሎ ይመልሳል። 301 ወይም 302 የሚባለው መልስ ይህ ነው። ታዲያ የሚጠቅሰው የውስጥ ስሙን ከሆነ እኛ ከውጭ አናገኘውም። ከተቆለፈው «ኤችቲቲፒኤስ» ወደ ተራው «ኤችቲቲፒ» ከመራንም አከፋፋዩ መልሶ ወደ ተቆለፈው ይልከናል፤ ስልኩ እስኪታክተው መዞር ነው። ስለዚህ አከፋፋዩ በመልሱ ላይ ያለውን አድራሻ ሕዝብ በሚያውቀው ስም ማረም፣ እኛ በየትኛው መንገድ እንደመጣንም ለኋለኛው ኮምፒውተር መንገር አለበት።

ወላጆችና አያቶች፣ ገጹ እየዞረ አልከፍት ካለ ልጁን አትቆጡት። እሱ ያጠፋው ነገር የለም፤ ልቡም ያለቦታው ነው። ትንሽ ቆይታችሁ ሞክሩ። ገጹ ወደ ሌላ ከመራችሁ ግን የመፈተኛ ቁጥሩን ከመጻፋችሁ በፊት ከላይ ያለውን አድራሻ ልጁ ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። የፈተናዎች አገልግሎት አድራሻ ካልሆነ ዝጉት። ውጤት ለማየት የባንክ ምስጢር ቁጥር አያስፈልግም።