«ስፔሻሊስት ነርስ» ማለት ምን ማለት ነው? ዲግሪውና የሙያ ሥራ ፈቃዱ

በጤና ተቋሞቻችን ነጭ ጋዋን የለበሰን ባለሙያ ሁሉ «ዶክተር» ወይም «ሲስተር» ብሎ መጥራት የተለመደ ነው። አጠራሩ ከአክብሮት የመነጨ ቢሆንም፣ የሚያክመን ባለሙያ ምን እንዲሠራ እንደተፈቀደለት አይነግረንም።

በድንገተኛና ፅኑ ሕክምና፣ በሕፃናት፣ በአእምሮ ጤና እና በመሳሰሉት ዘርፎች በማስተርስ ደረጃ የሠለጠኑ ነርሶች ዛሬ በሆስፒታሎቻችን ይገኛሉ። ዲግሪውን የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ግን መንግሥት ነው። በአገሪቱ ሕግ መሠረት ማንኛውም የጤና ባለሙያ ሳይመዘገብና የሙያ ሥራ ፈቃድ ሳይኖረው መሥራት አይችልም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ አዲስ ተመራቂዎች ብሔራዊ የብቃት ምዘና ይወስዳሉ።

ዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ ለከፍተኛ የነርሲንግ አገልግሎት ዝቅተኛው የትምህርት ደረጃ ማስተርስ እንዲሆን ሐሳብ አቅርቧል። ሆኖም ባለሙያው ምን ሊያዝ፣ ምን ሊወስን እንደሚችል የሚደነግገው የየአገሩ ሕግ ነው።

አሠራሩ በዝርዝር ከተደነገገባቸው አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የጋራ ሞዴል አራት የሥራ ድርሻዎችን ለይቷል፤ ክሊኒካል ነርስ ስፔሻሊስት አንዱ ነው። ይህን ስያሜ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ በነርስነት ፈቃድ ያገኛል፤ በድኅረ ምረቃ ትምህርቱ የሰውነት አሠራርንና የሕመም ሂደትን፣ የሕሙማን ምርመራን እና የመድኃኒት ዕውቀትን በከፍተኛ ደረጃ ይማራል፤ ለብሔራዊ ፈተና ለመቀመጥም ቢያንስ 500 ሰዓት ክትትል የተደረገበት የተግባር ልምምድ ይጠየቃል። በመጨረሻ ፈቃዱን የሚሰጠው ስቴቱ ነው። በዚያም ቢሆን መድኃኒት የማዘዝ ሥልጣን ከስቴት ስቴት ይለያያል። (ወደዚያ ለመሄድ የሚያስቡ ባለሙያዎቻችን እዚህ ያገኙት ማስተርስ ብቻውን እንደማይበቃና የነርስነት ፈቃድ ፈተናው እንደሚቀድም ቢያውቁ ብዙ ወጪና ጊዜ ያድናሉ።)

ከዚህ ልምድ ትልቅ ክብደት ሊሰጠው የሚገባው፣ በእኛ ግምት፣ የፈተናው ጥብቅነት አይደለም፤ የተለማመዱት ሙያ፣ የተመዘኑበት ሙያና ፈቃዱ ላይ የሰፈረው ሙያ አንድ መሆናቸው ነው። በፅኑ ሕሙማን ክፍል የሰው ሠራሽ መተንፈሻ መሣሪያን በብቃት የምትቆጣጠር ነርስ የሥራ መደቧ ከጠቅላላ ነርስ ያልተለየ ከሆነ ሁለት አደጋ አለ። ወይ ዕውቀቷ ያለ ሥራ ይቀመጣል፤ ወይም ሐኪም በሌለበት ሌሊት ከፈቃዷ በላይ ለመወሰን ትገደዳለች። ታካሚው ላይ ጉዳት ቢደርስ የምትጠየቀው በፈቃዷ ወሰን እንጂ በዲግሪዋ አይደለም። ታካሚውም በማን ውሳኔ እንደታከመ ለማወቅ ይቸገራል።

ተገልጋዮች የሚያክማቸውን ባለሙያ ስምና ሙያ ቢጠይቁ ነውር የለበትም፤ ባለሙያውም እንደ ድፍረት ሊቆጥረው አይገባም። ጥርጣሬ ሲያድር በመጀመሪያ የተቋሙን አስተዳደር፣ መልስ ካልተገኘም የጤና ባለሙያዎችን የሚመዘግበውንና የሚቆጣጠረውን የክልሉን ወይም የከተማ አስተዳደሩን አካል መጠየቅ ይቻላል። አቤቱታ ሲቀርብ የባለሙያው ሙሉ ስም፣ የተቋሙ ስምና አገልግሎቱ የተሰጠበት ቀን ቢገለጹ ማጣራቱ ይፋጠናል።