ቆጣሪው 80 ይላል፤ መኪናዋ ግን...

አንድ ወጣት አንባቢያችን እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «አሮጌ ኮሮላ አለችኝ። ቁመናዋ እንዲያምር ብዬ ቸርኬና ጎማዋን በትልልቅ ለወጥኩላት። ሰሞኑን ትራፊክ ፖሊስ በራዳር ይዞኝ 85 ነው የምትነዳው አለኝ። እናቴ ትሙት፣ መርፌዋ ከ80 አላለፈችም! ማነው የዋሸው?»

ወንድሜ፣ አንተም አልዋሸህ፣ ራዳሩም አልዋሸ። የተሸወደችው መርፌዋ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፍጥነት ቆጣሪው መንገዱን አያይም። የሚያውቀው ጎማው ስንት ጊዜ እንደዞረ ብቻ ነው፤ ያንን ዙር ፋብሪካው በገጠመው ጎማ ልክ ያሰላዋል። ረጅምና አጭር ሰው እኩል መቶ እርምጃ ቢራመዱ ማን ይርቃል? ረጅሙ ነዋ! ትልቅ ጎማም በአንድ ዙር ብዙ መንገድ ይሄዳል፤ ቆጣሪው ግን በድሮው ሂሳብ ይቀጥላል።

እስቲ በቁጥር እንየው። የድሮው ጎማህ 175/70 አር 13 ነበር እንበል። 175 ወርዱ በሚሊ ሜትር ነው፤ 70 የጎኑ ቁመት ከወርዱ በመቶኛ፤ 13 ደግሞ የቸርኬው ልክ በኢንች። ይህ ጎማ ከላይ እስከ ታች 575 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 185/70 አር 14 ስትገጥም ወደ 615 ያድጋል፤ 7 በመቶ ገደማ ማለት ነው። ቆጣሪህ ድሮ ልክ ከነበረ፣ አሁን 80 ሲል 85 አልፈሃል፤ 100 ሲል 107 ትበራለህ።

ብዙ አገሮች የሚመሩበት የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 39 ቆጣሪ ፍጥነትን አሳንሶ እንዳያሳይ ይከለክላል። አብልጦ ቢያሳይ ግን ይፈቅዳል፤ 100 ስትነዳ እስከ 114 ቢል ጥፋት የለበትም። ትልቅ ጎማ ይህችን መጠባበቂያ ነው የሚበላብህ።

ቅጣቱስ ይከፈላል። የከፋው ሌላ ነው፦ ፍጥነት በ7 በመቶ ሲጨምር የግጭቱ ጉልበት በ14 በመቶ ይጨምራል፤ ፍሬን ከያዝክ በኋላ የምትንሸራተተውም በዚያው መጠን ይረዝማል። ድንገት መንገድ ለሚያቋርጥ ሕፃን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ኪሎ ሜትሩም ቢሆን 5,000 ሲል አንተ 5,340 ያህል ሄደሃል፤ ዘይት የምትቀይርበት ጊዜ አልፎሃል!

ታዲያ ምን ይሻላል? እኔን ብትሰማኝ፣ ባለ 14 ቸርኬ ካማረህ ጎኑ አጠር ያለውን 185/60 ግጠም፤ 578 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከድሮው አይለይም ማለት ይቻላል። ለማረጋገጥ ጭር ባለ ቀጥ ያለ መንገድ 60 ላይ ያዝና ጓደኛህ ከስልኩ ጂፒኤስ ፍጥነቱን ያንብብልህ። አንተ ዓይንህ ከመንገዱ አይነሳ።

መኪናህን አስውብ፣ አልከለክልህም። ጎሚስታው ጋ ስትሄድ ግን «ያምራል ወይ?» ከማለትህ በፊት «ልኩ ስንት ነው?» በል።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን!